ብራዘሮቹ ዘንድ ስንማር

በአገራችን ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት ያልለጠፈ መሥሪያ ቤት የለም። ወረዳውም፣ ባንኩም፣ ክሊኒኩም በሩ ላይ ሦስቱን ደርድሮ ታገኙታላችሁ። ትምህርት ቤቶች ደግሞ ይብሳሉ። ታማኝነት፣ መከባበር፣ የላቀ ውጤት፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር። ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ ወላጅ ግን ቆሞ አያነበውም። የሚጠይቀው ሌላ ነው። «ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ አሳለፋችሁ?»

እኔ ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት በካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። የሚያስተዳድሩት የደ ላ ሳል ወንድሞች የሚባሉ፣ ሥራቸው ማስተማር የሆነ የካቶሊክ ማኅበር አባላት ነበሩ። እኛ «ብራዘር» ነበር የምንላቸው። ኦርቶዶክስ ሆኜ ገባሁ፣ ኦርቶዶክስ ሆኜ ወጣሁ። ዛሬ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ሥራዬ ስለሆነ መሰለኝ፣ ያሳደገኝ ትምህርት ቤት ምን ፈልጎ እንደነበር ደጋግሜ አስባለሁ።

ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲወራ ሁለት ነገር ነው የሚነሳው፤ ውጤትና ዲሲፕሊን። ሁለቱም ነበሩ። ዋናው ግብ ግን እነሱ አይመስሉኝም። ግቡን ያየሁት እሴቱ ትምህርት ቤቱን ራሱን ዋጋ ባስከፈለው ጊዜ ነው። ስሙን ሲያስከፍለው፣ ገንዘብ ሲያስከፍለው፣ ወላጅ ሲያስቆጣበት። ሌላ ጊዜማ ሁሉም ትምህርት ቤት ታማኝነትን ይወዳል።

ሥራው ከየት እንደተነሳ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላ ሳል እ.ኤ.አ. በ1651 ፈረንሳይ ውስጥ በሬምስ ከተማ ተወለደ። የሀብታም ልጅ ነው። ገና በልጅነቱ በከተማው ካቴድራል ጥሩ ገቢ ያለው የክብር ሹመት አገኘ። ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት የመክፈት ሐሳብ የሱ አልነበረም። ሌላ ሰው የጀመረውን ሊያግዝ ብሎ ነው የገባበት። መምህራኑን ሲያያቸው ግን ነገሩ ከበደው። ያልሠለጠኑ፣ ክፍያቸው የማይረባ፣ ሰው የሚንቃቸው ነበሩ። እሱ ራሱ ከቤቱ አሽከር በታች ያያቸው እንደነበር በኋላ ጽፏል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1681 ቤቱ አስገባቸውና አብሯቸው መኖር ጀመረ። ዘመድ አዝማዱ ተቆጣ።

ከታሪኩ ሁሉ አንዱ ከልቤ አይወጣም። ስለ ነገ አትጨነቁ፣ በእግዚአብሔር ታመኑ እያለ ሲመክራቸው መምህራኑ ዝም አላሉትም። አንተማ ሹመትህም ሀብትህም አለልህ፤ ይሄ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ጎዳና ላይ የምንወድቀው እኛ ነን አሉት። ነገሩ ነካው። እ.ኤ.አ. በ1683 ሹመቱን ለቀቀ። ቀጥሎ በመጣው ረሃብ ሀብቱን ዳቦ አድርጎ ለተራበው አከፋፈለ። ከዚያ በኋላ መምህራኑን ሲያናግር እንደነሱው ባዶ እጁን ነበር።

ይሄን ታሪክ ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ፀጥ ይላሉ። የመምህር ደሞዝ ወር የማያደርስበት አገር ላይ ነን። በየስብሰባው «መምህርነት ክቡር ሙያ ነው» የሚሉን አሉ። ይሄ ሰው ግን ክብሩን በቃል አልሰጣቸውም፤ ሄዶ አብሯቸው በላ። ሞቶ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ ብላ ሰየመችው። ወንድሞቹ ካህናት አይደሉም። ሙሉ ጊዜያቸው ማስተማር ነው። ከሚገቡት ቃል ኪዳን አንዱ ድሆችን በትምህርት ማገልገል ነው። በአገራችን አዲስ አበባና አዳማ ያሉት የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤቶች የነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ልጆች ማንበብ የሚለምዱት በላቲን ነበር። ደ ላ ሳል ገለበጠው። የድሃ ልጅ ትምህርት ቤት የሚቆየው ጥቂት ዓመት ነው፤ ስለዚህ በሚናገረው ቋንቋ ማንበብ ይልመድ አለ። እኔ 9ኛ ክፍል ስገባ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ሆነብኝ። ዛሬ የማስተምራቸውም ልጆች እንደዚያው ናቸው። ሒሳቡን የሚችል ልጅ ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባው ሲቀር በየቀኑ አያለሁ። አማርኛ ቀላቅዬ ሳስረዳው ፊቱ ይፈታል። ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ወደ ሃይማኖቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። «አይሰብኳችሁም ነበር?»

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሆነውን የማያውቅ የለም። ንጉሡ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) በሚባሉ የካቶሊክ ማኅበር ሚሲዮናውያን ስብከት ካቶሊክ ሆነው አገሩንም ካቶሊክ ላድርግ አሉ። ብዙ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 ለልጃቸው ለፋሲለደስ ዙፋኑን ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ያ ትዝታ ዛሬም አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1945 ከካናዳ ኢየሱሳውያን አስመጥተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ሲሰጧቸው በመምህርነት እንጂ በሰባኪነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም ከነዚሁ አንዱ፣ ዶክተር ሉስየን ማት ነበሩ። የአገሪቱን ከፍተኛ ትምህርት ሥራ ያስጀመሩት ሰው ካቶሊክ ካህን ናቸው፤ የተማረባቸው ሰው ግን ካቶሊክ ሁን አልተባለም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷም ይሄን በጽሑፍ አስፍራዋለች። የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ካቶሊክ ያልሆኑ ልጆች የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች እጅግ እንደምትወዳቸው ተናግራለች። በኛ አገር ይሄ ባይሆን ኖሮ ክፍሎቹ ባዶ ይሆኑ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከሕዝቡ 0.7 በመቶ ናቸው። የኔ ክፍል ውስጥ ካቶሊኮቹ የጣት ቁጥር ነበሩ። የቀረነው ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ጴንጤ ነን።

ጠዋት ክፍል ሲጀመር አንድ ተማሪ ተነስቶ «በእግዚአብሔር ፊት መሆናችንን እናስታውስ» ይላል። በደ ላ ሳል ትምህርት ቤቶች በዓለም ሁሉ የሚባል ነው። ከዚያ ዝምታ። ረጅም አይደለም። ከፊቴ የሚቀመጠው ልጅ ሙስሊም ነበር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ከኋላው ይታየኛል። ቢስሚላህ ማለቱ ነው። እኔ በሆዴ አቡነ ዘበሰማያት እጀምራለሁ፣ ሳልጨርስ መምህሩ ቾኩን ያነሳል። ማንም ማንን ምን አልክ ብሎ አይጠይቅም። ግብረ ገብ የሚባል ክፍለ ጊዜም ነበረን። እዚያ የምንነጋገረው ስለ ውሸት፣ ስለ ሱስ፣ ስለ ሴት ልጅ ክብር፣ ስለ ይቅርታ ነው። ረመዳን ሲገባ ለጾመኞቹ ልጆች የስፖርት ክፍለ ጊዜው ይቀልላቸው ነበር። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ያንን ያሰፈረው ሰው የኛን ክፍል ቢያይ ቅር የሚለው አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ እሴቱን በደንብ ያየሁበትን አንድ የኩረጃ ታሪክ ልንገራችሁ።

9ኛ ክፍል ነን። የሒሳብ ሚድ ተፈተንን። መምህራችን ብራዘር ነበሩ፤ ኢትዮጵያዊ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ወረቀቱን ሲመልሱ የሁለት ልጆችን ያዙት። አንዱ ጎረቤቴ፣ የሰፈሬ ልጅ ነው። የኳድራቲክ ጥያቄ ነበር። መልሱ 7 እና -3 ነው። ሁለቱም -7 እና 3 ብለው ጽፈዋል። ስህተትማ ማንም ይሳሳታል። ግን ሰርዘው የጻፉበት መስመር እንኳ አንድ ነበር።

ብራዘር አልጮሁም። ከክፍል በኋላ ሁለቱንም አስቀሩ። እኔ የሰፈሬን ልጅ ልጠብቅ በር ላይ ቆምኩ። እሱን «አንተ ልጅ፣ ና እስኪ» አሉት። ቾክ ሰጡት። ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይረው ሰሌዳው ላይ ጻፉለት። አልቻለም። ሌላ ቀለል ያለ ሰጡት። አልቻለም። ዝቅ እያሉ፣ ዝቅ እያሉ ሄዱ። በመጨረሻ -3 ሲባዛ በ-7 ስንት ነው አሉት። «-21» አለ። 

ብራዘር ቾኩን አስቀመጡና ዴስኩ ላይ ተቀመጡ። «ስንተኛ ክፍል ላይ ነው ይሄ ያመለጠህ?» አሉት። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ከ6ኛም ከ7ኛም ክፍል ጀምሮ ሳይገባው ነው እየተገፋ የመጣው። የሚኮርጀው ስለሚሰንፍ አልነበረም። ካልኮረጀ የሚጽፈው ስለሌለው ነው።

ለኩረጃው የተሰጠው ዜሮ ግን አልተነሳለትም። እናቱ ትምህርት ቤት ተጠርተው መጡ። ጉሊት የሚሸጡ ሴት ነበሩ፤ የዚያን ቀን ገበያቸውን ትተው ነው የመጡት። «ብራዘር፣ ይማሩት፣ አባት የለውም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ብራዘር «እትዬ፣ ምሬዋለሁ፣ ዜሮው ግን ይቆያል» አሏቸው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ልጁ ሰኞና ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ይቀር ነበር። ብራዘር ከ6ኛ ክፍል መጽሐፍ ጀመሩለት። ኔጌቲቭና ፖዘቲቭ፣ ክፍልፋይ፣ ከዚያ እኩሌታ። ለዚህ የተከፈለ የለም። እኔም አንዳንዴ አብሬው እቀር ነበር፤ መምህር መሆን ያማረኝ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ዛሬ ኩረጃ ምን ያህል እንዳጠፋን የማያውቅ የለም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አፈትልኮ ወጣና ተሰረዘ፣ እንደገና ተሰጠ። ቆይቶ መንግሥት ተፈታኞችን ከየቀያቸው አንስቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እያስገባ መፈተን ጀመረ። በዚህ መልክ መጀመሪያ የተሰጠው የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት ሲመጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። አገሩ ደነገጠ። እኔ ግን ቁጥሩን ስሰማ የታየኝ ያ ሰሌዳ ላይ የቆመው ልጅ ነው። ፖሊስ፣ ካሜራ፣ ፍተሻ፣ ሁሉም ያስፈልግ ይሆናል። ኩረጃውን መዝጋት ይቻላል። ከስሩ ያለውን ክፍተት የሚሞላው ግን ሰኞና ረቡዕ አብሮ የሚቀር ሰው ነው። ታማኝነት የሚለውን እሴት ካስተማሩኝ ሁሉ አጥብቀው ያስተማሩኝ ብራዘር ቃሉን ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም።

ልጁ ጎበዝ ተማሪ አልሆነም። በኛ ጊዜ ብሔራዊ ፈተናው 10ኛ ክፍል ላይ ነበር፤ እዚያ የሚያልፍ ፕሪፓራቶሪ ይገባል። ፈተናው ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ክርክር ተነሳ። እናቴ ከወላጆች ስብሰባ ተመልሳ ነገረችን። አንድ አባት ተነስተው «እኛ የምንከፍለው ልጆቻችን ከጎበዞች ጋር እንዲማሩ ነው። ደካሞቹን ለምን ይዛችሁ ትጓዛላችሁ? የትምህርት ቤቱን ስም ያበላሻሉ» አሉ። ጭብጨባ ሁሉ ነበር። ዳይሬክተሩ ብራዘር እስኪጨርሱ ጠበቋቸው። «ጋሼ» አሏቸው፣ «ጎበዝ ለማስተማርማ ብራዘር መሆን አያስፈልገኝም ነበር።» እናቴ ይሄን ስትነግረን ሁለቴ ደገመችው።

ልጁ ተፈተነ። ፕሪፓራቶሪ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣም። የትምህርት ቤቱ ፐርሰንት በሱና በሌሎች ጥቂት ልጆች ዝቅ አለ። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ ተማረ። ዛሬ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ ይዞ ሠራተኞች ያሠራል። የመስመር ጭነት ሲያሰላ ኔጌቲቭና ፖዘቲቭ አይሳሳትም።

ለምን ይሄን ሁሉ አወራለሁ? ሥራ እንደጀመርኩ አንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምሬ ነበር፤ ስሙን አላነሳም። እዚያ ዓመቱ ሲያልቅ ስም ዝርዝር ይወጣል። ደከም ያሉት ልጆች ወላጆች እየተጠሩ «ለልጁ ሌላ ቦታ ቢሻለው» እየተባለ መልቀቂያ ይሰጣቸዋል። ከዚያ በሩ ላይ ትልቅ ባነር ይሰቀላል፤ መቶ በመቶ አሳለፍን የሚል። ባነሩ ውሸት አይደለም። ግን ልጆቹን ከባነሩ በፊት ነው ያስወጧቸው። አንዲት ተማሪዬ መልቀቂያዋን ይዛ ስትወጣ «ቲቸር፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ያጠፋችው የለም። ነጥቧ 48 ነበር።

አንድ ወላጅ የትምህርት ቤትን እሴት ማወቅ ከፈለገ የሚጠይቀው ቀላል ነው። 9ኛ ክፍል ስንት ልጅ ገባ? ከነዚያ መሐል 12ኛ ክፍል የደረሰው ስንቱ ነው? የቀሩት የት ሄዱ? ይሄን በግልጽ የሚመልስ ትምህርት ቤት፣ ካቶሊክም ይሁን አይሁን፣ ልጄን ብሰጠው አልፈራም።

የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነገር ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ የማከብራቸውን ትምህርት ቤቶችም ማስቀየሜ አይቀርም። የቫቲካን የትምህርት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ሰነድ ላይ በቀጥታ የተጻፈ ነገር አለ። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ፊቱን ወደ ሀብታም ልጆች ብቻ ካዞረ፣ ፍትሕ የጎደለውን ማኅበረሰብ እንደማገዝ ይቆጠራል ይላል። ቤተ ክርስቲያኑ ለራሷ ትምህርት ቤቶች የጻፈችው ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ ስመ ጥር የሆኑ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በር ላይ የሚቆሙትን መኪናዎች አያለሁ። የዚያች የጉሊት ነጋዴ ልጅ ዛሬ ቢሆን ይገባ ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

ዳይሬክተሮቹን አልወቅስም። የመምህር ደሞዝ መክፈል አለባቸው፤ እሱም ደ ላ ሳል የጀመረበት ቁም ነገር ነው። ላብራቶሪው፣ መጽሐፉ፣ ጥገናው ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ክፍያውን ቢቀንሱ መምህሩ ይሄዳል፤ ቢጨምሩ ድሃው ይቀራል። ይሄን ለብቻቸው መፍታት አይችሉም። መፍታት ያለብን እኛ በነሱ ዘንድ ተምረን ለወግ ለማዕረግ የበቃነው ነን። ከኛ ባች ዶክተር አለ፣ ባንክ የሚመራ አለ፣ ዋሽንግተንና ዱባይ የሚኖር አለ። የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ፎቶ ሲለጠፍ ሁሉም ሰው ብራዘሮቹን ያመሰግናል። ምስጋናው ደስ ይላል፤ የማንንም ልጅ ክፍያ ግን አልሸፈነም።

ዘንድሮ የቀድሞ ተማሪዎች መዋጮ ሲነሳ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው በስማችን አዳራሽ እናሠራ የሚል ነው። ሁለተኛው አቅም ለሌላቸው የሰፈር ልጆች ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እንክፈል የሚል። አዳራሹ ብዙ ደጋፊ አለው፤ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ስም ይጻፍበታል። እኔ የደገፍኩት ሁለተኛውን ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታም ጨምሬ ጽፌያለሁ፤ ልጆቹ በነጥብ እንዳይመረጡ። ጎበዝ የድሃ ልጅማ ስፖንሰር አያጣም። 48 ያመጣችውም ትግባ። ውይይቱ ገና አላለቀም፤ ግሩፑ ውስጥ ያላችሁ ካነበባችሁት ድምፃችሁን እስከ መስቀል ስጡ።